ጠፍጣፋ ጀልባ አይገለበጥም ያላችሁ ማነው?

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞር ቪዲዮ አለ። «ጠፍጣፋ የላሜራ ጀልባ በጭራሽ አይገለበጥም፣ ለጎርፍም ይሆናል» ይላል። ዛሬ ጠዋት አንድ ደንበኛ ይህንኑ ይዞ ወልድያ ብየዳ ቤታችን መጣ። በክረምት የአላውሃን ወንዝ መሻገሪያ ሥራልኝ አለ። አልሠራም አልኩት። ስንቱን ለየብቻ አስረዳለሁ፣ እዚሁ ልጻፈው።

1. ጠፍጣፋ የሚሠራው ውኃው ጥልቀት ለሌለው ቦታ ነው። 4 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነች ጀልባ 1 ሴንቲ በሰመጠች ቁጥር 48 ኪሎ ትሸከማለች። በ2 ሚሊ ላሜራ፣ ጎኗን 40 ሴንቲ አድርጌ ብሠራት ራሷ 140 ኪሎ ገደማ ናት። ስድስት ሰው ጫኑባት፣ 11 ሴንቲ አትሰምጥም። እስከዚህ ጎበዝ ናት።

2. አይገለበጥም የተባለው ግን ውሸት ነው! ቆማችሁ ስትንቀሳቀሱ ስለማትዋዥቅ ታታልላለች። ጎኗ አንዴ ውኃ ካስገባ ወለሉ ሜዳ ነውና ውኃው ወዳዘነበለችበት ይሮጣል። ወለሉ ላይ 5 ሴንቲ ውኃ ቢተኛ 240 ኪሎ ነው፤ ተያይዘው ወደ አንድ ጎን የሚሸሹ አራት ሰዎች በሉት። ስለዚህ ወለሉ ይከፋፈላል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ አየር የታሰረበት ክፍል ይበየዳል። ቪዲዮው ላይ ይህ የታለ? ላሜራ ይቆጠባል ብለው ትተውታል።

«የጣና ታንኳስ?» የምትሉ አላችሁ። አብሽሩ፣ እሷ ሌላ ናት። የተሠራችበት ደንገል ራሱ ስለሚንሳፈፍ ውኃ ቢገባባትም ቶሎ አትሰምጥም፤ ውኃ ስለምትጠጣ ግን እያወጡ ያደርቋታል። ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለመሻገር የተነሳባት «ራ» የተሠራችው በጣና ደንገል ነው፤ እሷም ሳትደርስ ተበታተነች። ላሜራ ከሞላ ይሰምጣል፣ አለቀ።

ደግሞ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቁ 14 ሜትር ገደማ ነው። የኛው ጎረቤት፣ «ሐይቅ» የሚባለው ግን ትንሽ መስሎ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከመርሳ ሄዳችሁ እዚያ የምትዝናኑ፣ ነፋስ ሲነሳ ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ አትገኙ።

ለጎርፍም ይሆናል ያሉትስ? ጎርፉማ ግንድና ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ጠፍጣፋ ወለል በጎን ሲገፋ የሚይዘው ነገር የለም፤ ድንጋይ ላይ ከተደገፈች ውኃው በላይ በኩል ገብቶ ይደፋታል።

ቦታውን ሳያዩ ጀልባ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችም ያው ናቸው። ለረግረግ ብሎ ሆዷ ሹል፣ ሞተሯ ጥልቅ የሚጠልቅ ጀልባ በጨረታ የገዛ አውቃለሁ። ጭቃ ነክታ ተመልሳ ግቢ ውስጥ ዶሮ ይሰፍርባታል። ሠሪን የጠየቀ የለም!

ማሠራት የምትፈልጉ የውኃውን ጥልቀት፣ የቆመ ወይም የሚፈስ መሆኑን፣ የሰዉን ብዛት ጻፉልኝ። ቪዲዮ አትላኩልኝ።