ሁለተኛው ወፍጮ ቤት

ጓደኞቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝማ። አንድ አገር ገበያዋን ለውጭ ዕቃና ለውጭ ባለሀብት ስትከፍት፣ ፋብሪካ ውስጥ ያለችውን ሴት ደመወዝ ምን ቤት ነው ብሎ ይነካል? ባሕር አቋርጦ የመጣን ሸቀጥ ከእሷ ደመወዝ ጋር ምን አገናኘው? አሁን ገብቶኛል፤ እናንተም እስኪገባችሁ አላርፍም።

በሰፈራችሁ አንድ ወፍጮ ቤት ብቻ አለ እንበል። ባለቤቱ «ሴት ሞተር አትነካም» ባይ ነው። ሥራውን እኩል የምትችል ሴት ባነሰ ደመወዝ ልሥራ ብላ ደጁ ቆማለች፤ እሱ ግን ጨምሮ እየከፈለ ወንድ ብቻ ይቀጥራል። ያ ጭማሪ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ከእናንተው ኪስ! በየኪሎው ትንሽ ትንሽ ይጨምርባችኋል፤ ሌላ መሄጃ ስለሌላችሁ ትከፍላላችሁ። አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ሁለተኛ ወፍጮ ቤት ተከፈተ። አዲሱ ሰው ያቺን ሴት ቀጠራት። ወጪው ቀለለ፤ የማስፈጫ ዋጋም ቀነሰ። ከዚያማ የሰፈሩ ጤፍ ሁሉ ወደ ማዶ ተሻገረ። የፊተኛው ባለወፍጮ አሁን ወይ ሴት ይቀጥራል፣ ወይ ይዘጋል። እሱም ሴት ፍለጋ ሲወጣ፣ ሁለት ፈላጊ ያገኘችው ሴት ደመወዟ ከፍ ማለት ይጀምራል።

አያችሁ? የሰውየው ልብ እኮ አልተለወጠም! የመከረው የለም፣ የገሠጸው የለም። ንቀቱ ድሮም ወጪ ነበረው፤ ወጪውን ችሎ የኖረው ተወዳዳሪ ስላልነበረው ነው። ይህ ነገር ፍንትው ሲልልኝ ብድግ ብዬ ቤቱን ዞርኩት።

ሐሳቡ የኢኮኖሚ ሊቁ የጌሪ ቤከር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል። ግን በእውነተኛው ዓለም ይሠራል? ሳንድራ ብላክና ኤሊዛቤት ብሬይነርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1993 የነበሩትን የአሜሪካ አምራቾች መረመሩ። ድሮም ብርቱ ፉክክር የነበረባቸውን ዘርፎች፣ ጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች ተደላድለው ከያዟቸው ዘርፎች ጋር አስተያዩ። የውጭ ዕቃ ሲገባ በወንድና በሴት ደመወዝ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ የጠበበው በተደላደሉት ዘርፎች ነበር። ልክ እንደ ብቸኛው ወፍጮ ቤት! አይገርምም?

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሜክሲኮ ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር የነጻ ንግድ ስምምነቷን ስትጀምር ቀረጥ ወረደ፤ ወደ ውጭ መላክ ያዋጣቸው ፋብሪካዎችም በኮምፒውተር የሚታገዙ ማሽኖች አስገቡ። ማሽኑ ሸክሙን ሲረከብ ጉልበት ቅድመ ሁኔታ መሆኑ ቀረ። ቺንዊ ጁንና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት በእጅ ሥራው ላይ የሴቶች ድርሻና ደመወዝ ተሻሻለ። ቢሮ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም፤ እዚያ ድሮስ ማን ጉልበት ጠይቆ ያውቃል!

አሁን ወደ አገራችን። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የውጭ ልብስ አምራቾች መጡ፤ ከሠራተኞቹም አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሆኑ። በሩ ተከፈተላቸው ማለት ነው። ታዲያ መነሻ ደመወዙ ለምን በወር 26 ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ? እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ፉክክር የሚያጠበው ወንዱ በሚያገኘውና ሴቷ በምታገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ሁለቱንም አብሮ ከፍ ላያደርግ ይችላል። ልብስ ሰፊው ኩባንያ የመጣው ጉልበት ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ሲወደድበት ሌላ አገር መሄድ ይችላል። እሷ ግን ወዴት ትሄዳለች? ደመወዟን የሚወስነው ሌላ ምን አማራጭ አላት የሚለው ነው።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርከን ይህን በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ፈትነውታል። ወደ 1,000 የሚጠጉ፣ በብዛት ሴቶች የሆኑ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለዩ፤ ለአንዳንዶቹ የፋብሪካ ሥራ፣ ለአንዳንዶቹ 300 ዶላር ከንግድ ሥልጠና ጋር ደረሳቸው። ከዓመት በኋላ ፋብሪካ ውስጥ የሚገኘው ገቢ ውጭ ከሚገኘው አልበለጠም፤ ገንዘቡን ያገኙት ግን ገቢያቸው በሲሶ አደገ። አማራጭ ያላት ሴት!

የውጭ ገበያው ራሱም ዋስትና የለውም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ ትልክበት ከነበረው ከአጎዋ የንግድ ዕድል ታገደች። ጦርነቱን የወሰኑት የሐዋሳ ልብስ ሰፊዎች አልነበሩም፤ ሥራቸው ግን ተናጋ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያም ሆኖ በሩ መዘጋት ነበረበት አልልም። በሩ ሲከፈት ከሥር የደመወዝ ወለል ይኑር ነው የምለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ እያጠና የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይላል። ቀጥዬ የማነበው እሱን ነው፤ አብሮኝ የሚያነብ ማነው?