ድመቷ ትሂድ ወይስ ትቆይ?
ልጄ ድመታችንን አቅፋ ባደረች ቁጥር ጠዋት ዓይኗ አብጦ፣ እያስነጠሳት ትነሳለች። አያቷ «ድመቷን ለሰው ስጡ» አሉ፤ ልጅቷ አለቀሰች። እኔም የድመቷን ፀጉር ስረግም ከረምኩ። ለካ ዋናው ጥፋተኛ ፀጉሩ አይደለም! አለርጂውን የሚቀሰቅሰው በዋናነት በምራቋና በቆዳዋ ያለ ፕሮቲን ነው። ሰውነቷን ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በአየር ተበትኖ ምንጣፍና ሶፋ ላይ ያርፋል። ድመቷ ብትሄድ እንኳ ለወራት ከቤት ላይጠፋ ይችላል።

መጀመሪያ ሐኪም አማከርን። አስም ቢኖርባት ኖሮ ውሳኔያችን ሌላ በሆነ ነበር። አሁን መኝታ ቤቱ ለድመቷ ዝግ ነው፤ ምንጣፉም ተነስቷል፤ ልጄ ድመቷን ከነካች በኋላ እጇን ትታጠባለች። ማስነጠሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ድመቷም ማታ ማታ የመኝታ ቤቱን በር መቧጨሯን አልተወችም።