ከጀጎል በላይ የሚመላለሱት ሳተላይቶች

ሐረር ላይ ፀሐይ እንደጠለቀች ወደ ሰማይ ቀና ያለ ሰው፣ ከከዋክብቱ መካከል ዝም ብላ የምትጓዝ የብርሃን ነጥብ ማየቱ አይቀርም። ተወርዋሪ ኮከብ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ አውሮፕላን መብራቱን ያበራል ያጠፋል። ሳተላይት ግን ሳይቆራረጥ አብርቶ፣ በጥቂት ደቂቃ ሰማዩን ያቋርጣል።

ብርሃኑ የራሱ አይደለም። ምድሩ ሲጨልም 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ገና ፀሐይ አለች፤ እኛ የምናየው ከሳተላይቱ አካል ላይ የሚያንጸባርቀውን ጨረሯን ነው። በዚያ ከፍታ በሐረር አናት ላይ የሚያልፉት፣ ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ የምድር ጥላ ይውጣቸዋል፤ ሊነጋ ሲል እንደገና ይታያሉ። በሰኔ ወር ለንደን ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሊያበሩ ይችላሉ። ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነችው ሐረር እኩለ ሌሊቷ በአብዛኛው ከእነሱ ነጻ ነው።

ምሽቷ ግን ተነክቷል፤ ምሽት ደግሞ ለሐረር ትልቅ ሰዓት ነው። የረመዳንና የሸዋል ጨረቃ የምትፈለገው ያኔ ነው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የሸዋልኢድ በዓልም ቀኑ የሚቆጠረው ከሸዋል ጨረቃ ነው። ሳተላይቶቹ ጨረቃዋን አይጋርዱም፤ ዓይን የሚያርፍበትን ሰማይ ግን ይሻሟታል።

መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ስፑትኒክ ሲመጥቅ ብቸኛው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ነበር። በ2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበሩት ሁለት ሺህ ገደማ ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ስፔስ ኤክስ የተባለው ኩባንያ ስታርሊንክ የሚባሉ 60 የኢንተርኔት ሳተላይቶችን በአንድ ሮኬት ላከ። ዛሬ ቁጥሩ ከ10,000 አልፏል፤ አብዛኞቹም የዚሁ ኩባንያ ናቸው።

ለሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ጉዳቱ ከባድ ነው። ቴሌስኮፕ ደብዛዛ ጋላክሲ ለማንሳት ረጅም ጊዜ ብርሃን ሲያጠራቅም፣ የሚያልፍ ሳተላይት ምስሉን በነጭ መስመር ይሰነጥቀዋል። ወደ ምድር የሚቀርቡ አንዳንድ የጠፈር አለቶች የሚታደኑት በዚያው በምሽትና በንጋት ሰዓት ነው። የሬዲዮ ቴሌስኮፖችም ከሳተላይቶች በሚያፈተልክ ሞገድ ይታወካሉ።

ይህን ስል የሳተላይቶችን ጥቅም አልክድም። ኢትዮጵያ ራሷ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች፤ ለግብርናና ለአካባቢ ጥበቃ መረጃ እንድትሰበስብ። በእንጦጦም ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሏት። ሳተላይትም ቴሌስኮፕም ያላት አገር የሁለቱንም ወገን ጥቅም ታውቃለች።

መፍትሔውም አለ። አምራቾች የሳተላይቱን ገጽ ማጥቆርና ጨረር እንዳያንጸባርቅ መከለል ይችላሉ፤ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረትም በዓይን እንዳይታዩ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ሰላማዊ አጠቃቀም ኮሚቴ አባል ናትና በዚያ መናገር ትችላለች። አሚር ኑር ያስገነቡት የሐረር ግንብ ጀጎል፣ ከከበበው ከተማ ጋር በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሲሆን ዓለም አቀፍ ጥበቃ አግኝቷል። ከግንቡ በላይ ያለው ሰማይም ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ከቅርሱ ባለቤቶች በላይ የመጠየቅ መብት ያለው የለም።