ቤቱ ቀለም ቀለም ሲሸት፦ ነፍሰ ጡር እናት ምን ትፍራ? ምን አትፍራ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ባለቤትዎ ተኝቷል፤ እርስዎን ግን እንቅልፍ አልወስድ ብሎዎታል። ለሚመጣው ሕፃን ከተዘጋጀው ክፍል የትኩስ ቀለም ሽታ ይመጣል። ቀን ላይ ቀለም ቀቢዎቹ ሲሠሩ አጠገባቸው ቆመው “እዚህ ጋ ትንሽ ሳስቷል፣ ድገሙት” ሲሉ ነበር። ያኔ ሽታው ትዝም አላለዎት። አሁን ግን እጅዎ ሆድዎ ላይ ነው። “ይሄ ሁሉ ሽታ ገብቶ ልጄን ምን አድርጎት ይሆን?” እያሉ ስልክዎን ይከፍታሉ። አንዱ “ምንም አይደል” ይላል፤ ሌላው የሚያስደነግጥ ዝርዝር ይደረድራል። ሲነጋ እናትዎ ጋ ይደውላሉ። “አይዞሽ ልጄ፣ ወተት ጠጪበት” ይላሉ።

ይህ ጭንቀት የብዙ እናቶች ነው። በከተማችን ቤት የሚታደሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲጨመር ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ጥንዶች ቁልፍ ሲረከቡ የሚያገኙት ገና ያላለቀ ቤት ነው፤ ግድግዳው ስቱኮ፣ በሩ ቀለም፣ ኩሽናው ካቢኔ ይፈልጋል። ኪራይ ላለመደረብ ደግሞ ሥራው ሳያልቅ ይገባል። አራስ ጠያቂ ይመጣል ተብሎም ሳሎኑ ይቀባል። ስለዚህ እርግዝናና ቀለም አንድ ጣሪያ ሥር መገናኘታቸው የተለመደ ነው። ጥያቄው የትኛው ነገር በእውነት ሊያሳስበን ይገባል የሚለው ነው።

አፍንጫ ይጠቁማል እንጂ አይመዝንም

ብዙ ሴቶች ሲያረግዙ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሽታ ይበረታባቸዋል። ትናንት ደስ ይል የነበረው የሽንኩርት ቁሌት ዛሬ ያቅለሸልሻል። ቀለምም እንዲሁ ነው። ጎረቤት ፎቅ ላይ የተቀባ በር እርስዎ ቤት ድረስ መጥቶ ሊያስመልስዎ ይችላል። ይህ ማለት ግን ብዙ መርዝ ገብቷል ማለት አይደለም፤ አፍንጫ ጥቂቱንም ያገኘዋል።

ጉዳት የሚያመጣው ሽታው ራሱ ሳይሆን በአየር ውስጥ ያለው የትነት መጠን ነው። እሱን ደግሞ ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፦ ዕቃው ምንድን ነው? ለምን ያህል ሰዓትና ቀን ተነፈሱት? ክፍሉስ ምን ያህል የታፈነ ነበር?

ቲነርና መሰል ፈሳሾች ሲተንኑ በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባሉ፣ ከደምም ወደ ፅንሱ ሊያልፉ ይችላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በጥናት ጉዳት ጎልቶ የታየው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ሴቶች ላይ ነው። አንደኞቹ በፋብሪካ ወይም በወርክሾፕ ውስጥ ከእነዚህ ፈሳሾች ጋር በቂ መከላከያ ሳይኖራቸው ለወራት የሠሩ ናቸው። ሁለተኞቹ እንደ ማስቲሽ ያሉ ነገሮችን ሆን ብለው የሚስቡ ናቸው። መስኮት በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የወጣ ሰው ከሁለቱም ጋር አይወዳደርም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎትም በእርግዝና ወቅት በዘመናዊ የቤት ቀለም ምክንያት ፅንስ የመጎዳቱ ዕድል በጣም ዝቅተኛ እንደሆነ ለእናቶች ይገልጻል።

አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከ100 ሕፃናት መካከል ወደ 3 የሚጠጉት፣ እናትየው ምንም ቀለም ሳትቀርብ እንኳ፣ ከአንድ ዓይነት የአፈጣጠር ችግር ጋር ይወለዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። “ያን ቀን ባልቆም ኖሮ” እያሉ ራሳቸውን የሚወቅሱ እናቶች ይህን ቢያውቁ ሸክማቸው ይቀል ነበር።

ጣሳው ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ አይደለም

“ቀለም” ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች በጣም ይለያያሉ።

በውሃ የሚበጠበጠው የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ከሁሉም የሚሻለው ነው። ትነቱ አነስተኛ ነው፣ በሰዓታትም ይደርቃል። በቲነር የሚቀጥነው የዘይት ቀለም፣ ለብረት በርና መስኮት የሚቀባው አንቲረስትና የእንጨት ቫርኒሽ ግን ሲደርቁ የሚለቁት ትነት ብዙ ነው፤ ለቀናትም ይቆያል። ማስቲሽም ከእነዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ሲቀቡ ነፍሰ ጡር ሴት ቤት ውስጥ ባትኖር ይመረጣል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስጠነቅቀው የቆየ ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ ነው። አንዳንዱ ሜቲሊን ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል አለበት። ይህ ኬሚካል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ማለትም በታፈነ ቤት ከሰል ያጠፋቸውን ሰዎች የገደለው ያው ጋዝ ይሆናል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ፈሳሽ መንካትም መተንፈስም የለባትም።

ከኤምዲኤፍና ከችፑድ የሚሠሩ አዲስ ካቢኔዎችና የሕፃን አልጋዎችም ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አላቸው። ጣውላውን ያጣበቀው ሙጫ ፎርማልዲሃይድ ስለሚለቅ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አልጋውን ከመውለጃዎ ብዙ ሳምንታት አስቀድመው ይግዙ፣ መሳቢያውን ከፍተው ነፋስ በሚገባበት ቦታ ያቆዩት።

የማይሸተው ይበልጥ ያስፈራል

አሁን ብዙዎቻችን ወደማናስበው ነገር እንምጣ። ቀለም ቀቢው አዲሱን ቀለም ከመቀባቱ በፊት አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ነጭ አቧራ ይነሳል፤ ምንም አይሸትም። እናትየው “ቀለሙ ገና አልተጀመረም” ብላ እዚያው ትቀመጣለች፤ ጣሳው ሲከፈት ትወጣለች። በአሮጌ ቤት ግን መውጣት የነበረባት ቀደም ብላ ነው።

ምክንያቱ እርሳስ የሚባለው ብረት ነው። ለረጅም ዓመታት ለድምቀትና ለጥንካሬ ሲባል በቀለም ውስጥ ይጨመር ነበር፤ በተለይ በደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ የዘይት ቀለሞች። አሜሪካ በቤት ቀለም ውስጥ እንዳይኖር የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ መጠኑ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ በር፣ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ ግን ዛሬም ቤታችን አለ።

እርሳስ በአቧራ መልክ ይተነፈሳል፣ በእጅ ወደ አፍ ይገባል። አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ከእናት አጥንት ወጥቶ በደም በኩል ወደ ፅንሱ ይደርሳል። የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት “እዚህ ድረስ አይጎዳም” የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ስለዚህ ሊፈሩ ከሆነ ከጣሳው ይልቅ የአሮጌውን ቀለም ብናኝ ይፍሩ።

ፍራቻው ግን ሥራ ይኑረው። አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፈገፈግ፤ እየረጠበ ይሠራ። አቧራው በመጥረጊያ ከመነሳት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ባለቤትዎ ራሱ ከፈገፈገ ደግሞ ልብሱን አውልቆና ታጥቦ ይግባ፤ ልብሱም ከሌላው ተለይቶ ይታጠብ።

የለመድናቸው መፍትሔዎች

ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ሳንባ የገባን ትነት ግን አያጥብም። ቀለም ቀቢዎችና የጋራዥ ሠራተኞች ወተት እንደ መድኃኒት ይጠጣሉ፣ ጠጥተውም ያለ መከላከያ ይሠራሉ። እናትዎ ያሉት ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፤ ካልሲየምና ብረት በበቂ የሚያገኝ ሰውነት እርሳስን ያን ያህል አይመጥም። ስለዚህ ወተቱን ይጠጡ፣ ጎመኑንና ምስሩን ይብሉ፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጠዎትን የአይረን እንክብል አያቋርጡ። ግን መስኮቱን ይክፈቱ።

ዕጣን ሽታ ይሸፍናል እንጂ ትነት አያስወጣም። በታፈነ ክፍል ውስጥ ጭስ ይጨምራል እንጂ አየሩን አያጠራም።

ከሰል ደግሞ የባሰ ነው። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል፤ የቡና ምድጃም የሚቀመጠው ወለል ላይ ነው። ለሠራተኞቹ ቡና ማፍላት ደግ ነገር ነው፤ ቲነር በተከፈተበት ቤት ውስጥ ግን እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቡናው ውጭ ይፈላ።

የአፍ መሸፈኛ ማስክም አቧራ በመጠኑ ይቀንስ እንደሆን እንጂ ትነትን አያግድም። ትነት የሚያግደው የከሰል ማጣሪያ የተገጠመለት ልዩ መሸፈኛ ነው፤ እሱም ለሠራተኛው እንጂ ነፍሰ ጡር ሴት አድርጋው እንድትሠራ አይደለም።

ቤቱ የግድ መታደስ ካለበት

ጊዜውን ይምረጡ። የፅንሱ ዋና ዋና የሰውነት ክፍሎች የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ስለሆነ፣ ማዘግየት ከተቻለ ሥራው ከዚያ በኋላ ይሁን። እስከ መጨረሻው ሳምንትም አይቆይ፤ ሕፃኑ ከመምጣቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢያልቅ ክፍሉ በደንብ ይናፈሳል። ክረምት ላይ ከሆነ ዝናቡ መስኮት ስለሚያዘጋ ሥራውን ወደ በጋ መግፋት የተሻለ ነው።

ከሠራተኛው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ለግድግዳ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም እንደሚፈልጉ፣ ጣሳው ላይ ከእርሳስ ነፃ መሆኑ የተጻፈ እንዲሆን ይንገሩት። በርና የብረት ፍሬም ከተቻለ ወርክሾፕ ውስጥ ተቀብቶና ደርቆ ይምጣ።

አየሩ መግቢያም መውጫም ይኑረው። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፤ ትይዩ ያለው መስኮት ወይም በር አብሮ ሲከፈት ነው አየሩ የሚሻገረው። ክዳናቸው የተከፈተ ጣሳዎችና ቲነር የነካ ጨርቅ ቤት ውስጥ አይደሩ።

ሌላ ቦታ ይደሩ። ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን፣ የዘይት ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከሆነ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እናት ወይም እህት ቤት መሰንበት ነው። “እንግዳ ሆኜ አላስቸግርም” አይበሉ፤ በዚህ ጊዜ መሄድ ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም።

መሰላል ላይ አይውጡ። በመጨረሻዎቹ ወራት የሰውነት ሚዛን ይለወጣል፤ መጋረጃ ሊሰቅሉ ወጥተው መውደቅ ከቀለሙ ትነት ይልቅ የቀረበ አደጋ ነው።

አንዴ ከሸተተዎትስ?

ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ። ብዙ ጊዜ ይህ በራሱ ይበቃል። ካልተሻለዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ራስዎን ሊስቱ ከደረሱ ወይም እንደ ደም መታየትና የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ያለ ምልክት ካዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የጣሳውን ፎቶ ይዘው ቢሄዱ ሐኪሙ የሚጠይቅዎትን ለመመለስ ይረዳዎታል፦ ምን ነበር? ስንት ሰዓት? መስኮቱ ክፍት ነበር? ምን ተሰማዎት?

ምልክት ከሌለና ጭንቀቱ ብቻ ከሆነም፣ በቀጣዩ የእርግዝና ክትትል ቀን ለአዋላጅ ነርሷ ይንገሯት። “ይሳቁብኛል” ብለው አይተዉት። በዕለት ሥራዎ ከቲነርና ከማስቲሽ ጋር የሚውሉ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያነጋግሯቸው፤ ለእርስዎ ነገሩ የአንድ ቀን ሽታ አይደለም።

ለባሎችም አንድ ቃል አለን። ሚስትዎ ሌሊት ነቅታ “ይሄ ሽታ ልጁን ይጎዳው ይሆን?” ስትል፣ “አታካብጂ” ማለት ጭንቀቷን አያቀልም። ተነሥተው ሁለቱን መስኮቶች ይክፈቱ፣ ጣሳዎቹን በረንዳ ላይ ያውጡ፣ ፍራሹን ወደ ማዶው ክፍል ያሻግሩ። ሲነጋም ወደ እናቷ ቤት ይሸኟት። ቀለሙ እስኪደርቅ ቤቱን እርስዎ ይጠብቁት።