ዳገቱማ ይለመዳል

ሊድስ ከተማ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት የሩጫ ክለብ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት ልንገራችሁ። በውድድር ዕለት መነሻው ላይ ሁሉም ፈገግ ብሎ ገለል ይልና ከፊት ቦታ ይለቅላታል። አንዱ ጥሩነሽን ያነሣል፣ ሌላው ደራርቱን፣ ሸምገል ያለው ደግሞ አበበ ቢቂላን። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራለሁ፣ ትምህርት ቤት ሳለሁም ሮጬ ማንንም ቀድሜ አላውቅም። ስለዚህ አመስግኜ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ጨዋታው ያለውም እዚያው ኋላ ነው፤ ፊት ያሉት ትንፋሽ አጥሯቸው አይነጋገሩም።

የምንሮጠው አስፋልት ላይ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ፌል የሚሏቸው፣ ዛፍ የሌለባቸው፣ ሣርና ድንጋይ የለበሱ፣ በግ የሚሰማራባቸው ኮረብቶችና ተራሮች አሉ። የፌል ሩጫ እነዚህን መውጣትና መውረድ ነው። እኛ ከምናውቀው አገር አቋራጭ የሚለየው መንገዱ ብዙ ጊዜ ምልክት የሌለው በመሆኑ ነው። አዘጋጆቹ መነሻውን፣ መድረሻውንና በመካከል መረገጥ ያለባቸውን ጫፎች ይነግሯችኋል፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በየት በኩል እንደምትሄዱ ግን የእናንተ ጉዳይ ነው። አንዱ ረግረጉን ሰንጥቆ ይገባል፣ ሌላው ዞሮ በደረቁ ይሄዳል። የመንደሩ ልጅ ደግሞ በአቋራጭ ሄዶ ከየት መጣ ሳይባል ከሁሉም ፊት ብቅ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የፌል ሯጮች ማኅበር ውድድሮቹን በዳገታቸውና በርዝመታቸው ይመድባቸዋል። በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ ቢያንስ 50 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣው «ኤ» ይባላል፤ 25 ሜትር ከሆነ «ቢ»፣ 20 ሜትር ከሆነ «ሲ»። እስከ 10 ኪሎ ሜትር ያለው አጭር፣ ከዚያ በላይ እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ20 የሚያልፈው ረጅም ነው። «ኤ አጭር» የሚል ማስታወቂያ አይቶ «አጭር» በምትለው ተታሎ የተመዘገበ ሰው በየክለቡ አይጠፋም።

እናቴ ስለዚህ ሥራዬ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው የተራሮቹ ቁመት ነበር። የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር መሆኑን ስነግራት ሳቀች፤ የደብረ ታቦር ገበያ እንኳ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ሳቋ ግን ግማሽ እውነት ነው። እዚህ ተራራው የሚጀምረው ከባሕር ወለል ብዙ ፈቀቅ ካላለ ሸለቆ ስለሆነ፣ 978 ሜትር ማለት ከሞላ ጎደል ሙሉውን በእግር መውጣት ማለት ነው። ሁለተኛውን ጥያቄዋን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሰው ስለ ተራራ ሩጫ ሲያስብ የሚፈራው ዳገቱን ነው። ዳገቱማ ይለመዳል። ሲከብድ በእርምጃ ይኬዳል፣ ነውርም የለውም። ሻምፒዮኖቹም ቀጥ ያለው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ደግፈው እየተራመዱ ይወጣሉ፤ መሬቱ እንደዚያ ሲቆም መሮጥ ትንፋሽ ይጨርሳል እንጂ እምብዛም አያስቀድምም። ዳገት የልብና የሳንባ ነገር ነው፤ ቁና ቁና እያስተነፈሰ በጥቂት ወራት ልምምድ ይሻሻላል።

ቁልቁለቱ ሌላ ትምህርት ነው። ሽቅብ ስንወጣ የጭናችን ጡንቻ እያጠረ ይገፋናል። ቁልቁል ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነታችንን ይይዛል፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ገደል እንደሚወርድ መኪና ፍሬን ማለት ነው። በዚህ ሥራ የጡንቻው ጭረቶች በጥቃቅኑ ይጎዳሉ። ሕመሙ የሚሰማው ወዲያው አይደለም፤ በማግስቱና በሠለስቱ ነው። መጦሪያው ውስጥ አረጋውያኑን ደረጃ ደግፌ የማወርድ እኔ፣ ከአንድ ትልቅ ቁልቁለት በኋላ በተራዬ እኔው የደረጃውን ብረት ይዤ ወደ ኋላ ዞሬ ወርጃለሁ፤ እነሱም አይተው በደንብ ስቀውብኛል። ደስ የሚለው ነገር፣ ጡንቻ አንድ ጊዜ ከተቀጣ በኋላ ለሳምንታት ያስታውሳል። ሁለተኛው ቁልቁለት የመጀመሪያውን ያህል አያምም።

ከሕመሙ ይልቅ የሚያስቸግረው ፍርሃቱ ነው። ክለባችን ውስጥ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ አሉ። ዳገቱ ላይ ከኋላዬ ይቀራሉ፤ ጫፉን ረግጠን ቁልቁል ስንጀምር ግን በአጠገቤ አልፈውኝ ይሄዳሉ፣ ታች ስደርስ ሻይ ይዘው ይጠብቁኛል። ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ። የፈራ ሰው ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ ተረከዙን ያስቀድማል፣ ያን ጊዜ እግሩ ከሥሩ ይሸሻል። ስለዚህ ደረትን ወደ ፊት ሰጥቶ፣ እርምጃን አሳጥሮና አብዝቶ፣ እጅን እንደልቡ ከፍቶ መውረድ ነው። ዐይን የሚያየው የቆሙበትን ድንጋይ ሳይሆን ከሦስትና ከአራት እርምጃ በኋላ የሚረግጡትን ነው። አንድ ድንጋይ ቢንቀሳቀስ እግር ቀድሞ ሌላው ላይ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ጉልበቴ ግን እርጥብ ድንጋይ ሲያይ ቄጤማ ይሆናል።

ጫማውም የራሱ ነው። የአስፋልት ጫማ እርጥብ ሣር ላይ ከበረዶ አይሻልም። የፌል ጫማ ሶሉ ስስ፣ ጥርሱ ረጅም ነው። የድሮዎቹ ሯጮች ቦልተን ከተማ የተጀመረውን ዋልሽ ያመልካሉ፤ ወጣቶቹ ኢኖቬት ያደርጋሉ። በዚህ ጉዳይ የሚደረገውን ክርክር ግን አትግቡበት፣ ማለቂያ የለውም።

እንግሊዝ ተራራ ላይ ሰው የሚገድለው ከፍታ አይደለም፣ እርጥበትና ነፋስ ነው። ሯጭ ስስ ልብስ ለብሶ፣ በላብና በዝናብ ርሶ፣ እስከሮጠ ድረስ ይሞቀዋል። ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዝዞ የተቀመጠ ዕለት ግን ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ዮርክሸር ውስጥ ፔኒጌንት፣ ዌርንሳይድና ኢንግልቦሮ የሚባሉትን ተራሮች የሚያዳርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረ የሦስቱ ጫፎች ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዚሁ ውድድር ላይ አንድ ሯጭ በብርድ ሕይወቱ አልፏል፤ ወሩም የጸደይ ወር ነበር። ዛሬ በብዙዎቹ ውድድሮች ከመነሻው በፊት ወገብ ላይ የሚታሰረው ቦርሳ ይፈተሻል። ከላይ እስከ ታች የሚሸፍን ዝናብ የማያስገባ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ፊሽካና የክፉ ቀን ምግብ ካልያዘ ሰው ወደ ቤቱ ይሸኛል። አቋርጦ የሚወጣ ሰውም ሳይናገር ወደ መኪናው መሄድ የለበትም። ቁጥሩ ከጎደለ በፈቃዳቸው፣ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የተራራ ነፍስ አድን ሰዎች ሌሊቱን ሲፈልጉት ያድራሉና።

ካርታና ኮምፓሱ ለይስሙላ አይደለም። ጭጋግ ሲወርድ የራስን እጅ ማየት ያስቸግራል። አገራችን ቢሆን እረኛ ይጠየቃል፤ እዚህ ግን በጉ አለ፣ እረኛው የለም።

እረኛ ካልሁ ዘንድ የዚህ ስፖርት ትልቁ ስም የአንድ እረኛ ነው። ጆስ ኔይለር እ.ኤ.አ. በ1936 በሐይቆቹ አውራጃ፣ ዋዝዴል ሸለቆ ተወለደ። ሥራው በግ ማርባት ነበር፤ ወጣት ሳለ ጀርባው ታሞ በቀዶ ሕክምና ዲስክ ወጥቶለታል። የመጀመሪያ ውድድሩን በሥራ ቦት ጫማና ጉልበቱ ላይ በተቆረጠ ሱሪ እንደሮጠ ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ ቀን ውስጥ 72 ጫፎችን አዳረሰ። 60 ዓመት ሲሞላው 60 ጫፍ፣ 70 ሲሞላው 70 ጫፍ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 በ88 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ የዚያ ሸለቆ ሰው እንደ ጎረቤት ያውቀው ነበር።

ከእሱ በፊት ደግሞ ቦብ ግራሃም አለ፤ ኬዝዊክ በምትባል ከተማ የእንግዳ ማረፊያ የነበረው ሰው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1932 የቴኒስ ጫማ አድርጎ 42 ጫፎችን በ23 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ዞሮ ከተማው አዳራሽ በር ተመለሰ። ርቀቱ 106 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽቅቡ ሲደመር ከ8,000 ሜትር በላይ ነው። ሰው ማመን አቃተው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 አላን ሂተን እስኪደግመው 28 ዓመት ወሰደ። ዛሬ ከ2,000 በላይ ሰዎች ከ24 ሰዓት በታች ጨርሰውታል። የዓለም ስመ ጥሩ ተራራ ሯጭ ኪሊያን ጆርኔ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ13 ሰዓት በታች ሲገባ እንኳ የተዘጋጀ ሽልማት አልነበረም። ደንቡ አንድ ነው፦ በየጫፉ አብሮህ የደረሰ ምስክር ይኑርህ። ስለዚህ አንድ ሰው እንዲጨርስ ሌሎች ውኃውንና ምግቡን ተሸክመው፣ ሌሊት ባትሪ አብርተው፣ እያወሩለት አብረውት ይሮጣሉ። በሚቀጥለው ዓመት ተራው የእሱ ይሆናል።

እኔ በልቤ የማስቀምጣት ግን ጃስሚን ፓሪስን ነው። የእንስሳት ሐኪም ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ስፓይን የሚባለውን፣ 430 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የክረምት ሩጫ በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሳ ከሴትም ከወንድም አንደኛ ወጣች። ያን ጊዜ ጡት የምትጠባ ሕፃን ልጅ ነበረቻት፤ በየማረፊያው ወተቷን እያለበች ነበር የሮጠችው። ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሳደርስ ድካም ሲሰማኝ እሷን አስባለሁ። ከዚያ ብዙውን ጊዜ እተኛለሁ።

አሁን የእናቴ ሁለተኛ ጥያቄ። «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ምን ይሰጡሻል?» አለችኝ። ኬክ አልኋት። ሌላ መልስ የለኝም። የመመዝገቢያው ጥቂት ፓውንድ ነው፣ መጨረሻው የመንደር አዳራሽ ነው፣ የመንደሩ ሴቶች የጋገሩት ኬክና ሻይ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ ላሸነፈው አንድ ጠርሙስ ወይን ይሰጠዋል። በቆጂ ላይ ወይም እንጦጦ ሥር ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ ልጅ ሩጫ እንጀራው ነው፤ ቤተሰቡን የሚያወጣበት ነው፤ በእሱ ላይ አልፈርድም። ግን ይህ ኩራታችን አንድ ነገር ያስቀረብን ይመስለኛል። ሩጫን ለባለ ሜዳሊያዎቹ ትተን እኛ ተመልካች ሆነናል። እዚህ የማገኛቸው አናጺ፣ አስተማሪ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ማክሰኞ ማታ ከሥራ ወጥተው፣ ከሊድስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል በሚርቀው ኢልክሊ ኮረብታ ላይ ጭቃ ተቀብተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አሸናፊ ይሆናሉ ብሎ የሚጠብቃቸው የለም፤ እነሱም አይጠብቁም።

ኮረብታውም ዝም ብሎ አልተከፈተላቸውም። ብዙው የመሳፍንትና የአደን ቦታ ነበር። ቦብ ግራሃም በዞረበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932፣ የማንቸስተር ወዛደሮች ኪንደር ስካውት የተባለውን ኮረብታ ተሰብስበው ያለ ፈቃድ ወጡ፤ ከመካከላቸው የታሰሩ ነበሩ። በተራራና በገላጣ ኮረብታ ላይ በእግር የመሄድ መብት በሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ስለዚህ ገበሬውን ማክበር ግዴታ ነው፤ በር ከፍቶ የገባ ይዘጋል፣ የድንጋይ ካብ አይወጣበትም፣ በጸደይ ወራት በጎች በሚወልዱበት ጊዜ ራቅ ብሎ ይታለፋል።

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዌልስ ወይም በስኮትላንድ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በአቅራቢያችሁ የፌል ክለብ መኖሩ አይቀርም፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ደስ ይላቸዋል። ጥሩ ጫማ ግዙ፣ በአጭር «ሲ» ጀምሩ፣ ብቻችሁን አትውጡ። ከሁሉ በፊት ግን ኮምፓስ ማንበብ ተማሩ፤ ስልክ በዝናብ ይጠፋል። መነሻው ላይ ከፊት ቁሙ ካሏችሁ ደግሞ ኋላ እኔ ጋ ኑ።