የስማርት ሰዓት ባትሪ

የስማርት ሰዓት ባትሪ በእጅ ሰዓት ውስጥ የሚገጠም አነስተኛ የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 600 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሲሆን፣ የዛሬ ስልኮች ግን ወደ 5,000 ይጠጋሉ።

የኃይል ፍጆታ

ብዙ ኃይል የሚወስዱት ስክሪኑና ጂፒኤሱ ናቸው። ከጉለሌ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሯጭ ጂፒኤሱን ሲከፍት፣ ሰዓቱ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን ደካማ ምልክት ያለማቋረጥ እየተቀበለ ቦታውን ያሰላል። በዚህም ቀናት ይቆይ የነበረው ባትሪ በሰዓታት ያልቃል፤ ካለቀም የሩጫው መዝገብ መንገድ ላይ ይቋረጣል። ዘወትር የሚበራውን ስክሪን ማጥፋት፣ ከሩጫ በኋላም ልምምዱን መዝጋት (ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው) ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በአሞሌድ ስክሪን ላይ ጥቁር ነጥብ ብርሃን ስለማያወጣ ጥቁር ገጽታ መምረጥም ይቆጥባል። የእንጦጦ የማለዳ ብርድ የባትሪን ጉልበት ሊቀንስ ቢችልም፣ ሰዓቱ እጅ ላይ እስካለ ድረስ የሰውነት ሙቀት ይጠብቀዋል።

ቻርጅ አደራረግ

የሊቲየም አዮን ባትሪን ይበልጥ የሚያስረጀው ሙቀትና ለረጅም ጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆየት ነው። ለሳምንታት የማይታሰር ሰዓት ግማሽ ያህል ተሞልቶና ጠፍቶ ቢቀመጥ ይሻላል። «ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ አይደረግም» የሚለው ምክር ከድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ የተረፈ ነው፤ ለሊቲየም አዮን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ መሙላት ችግር የለውም። ባለ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ፓወር ባንክም፣ ብክነቱ ተቀንሶ እንኳ፣ 300 የሚይዝ ሰዓትን ከ10 ጊዜ በላይ ይሞላል።