ምዕራፍ 6፦ የዕለት ተዕለት ተርሚናላችንን ስንመርጥ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ትልቅ ኮምፒውተር የነበረው ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት ለየሠራተኛው ጠረጴዛ የሚያድለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነበር። ስሌቱ ሌላ ክፍል ባለው ማሽን ይሠራል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ተርሚናል የተጻፈውን ይልካል፣ መልሱን ያሳያል። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን በ1978 ያወጣው ቪቲ100 ነው። ዛሬ በላፕቶፓችን የምንከፍተው ጥቁር መስኮት የዚያን ዕቃ ሥራ በሶፍትዌር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ብዙዎቹ ገና ሲከፈቱ 80 ዓምድና 24 መስመር ይዘው መምጣታቸው ከዚያ የተወረሰ ነው።

መስኮቱ ራሱ ትእዛዝ አይገባውም። ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ከውስጡ የሚሠራው ሼል ነው፤ ለምሳሌ ባሽ። ስለዚህ ተርሚናል መቀየር የለመዱትን ትእዛዝ አያስረሳዎትም፣ ፋይልዎንም አይነካም። ያለ ስጋት ይሞክሩ።

ለአብዛኛው ሰው ከማሽኑ ጋር የመጣው ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ። ሊኑክስ ላይ ጂኖም ተርሚናል ወይም ኮንሶል፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ዊንዶውስ ተርሚናል፣ ማክ ላይ የራሱ ተርሚናል። ስለ ፍጥነት ብዙ ይወራል። አላክሪቲና ኪቲ የሚባሉት ተርሚናሎች ጽሑፉን የሚስሉት በግራፊክስ ካርዱ ስለሆነ በሺህ የሚቆጠር መስመር ሲግተለተል ልዩነታቸው ይታያል። ፋይል ለመዘርዘርና አጭር ማስታወሻ ለማረም ግን ጥቅሙ ከቁጥር አይገባም። የግራፊክስ ካርዱ ያረጀ ላፕቶፕ ደግሞ ጭራሽ ላይከፍታቸው ይችላል።

ሥራዎ ከሩቅ ሰርቨር ጋር ከሆነ ሌላ ነገር ያስቡ። ኪቲ ለሰርቨሩ የሚናገረው የራሱን ስም ነው፤ የቆየ ሰርቨር ስሙን ካላወቀው እንደ ናኖ ያለ ስክሪኑን ሙሉ የሚይዝ ፕሮግራም አልከፈትም ሊል ይችላል። መብራት ሄዶ ዋይፋይ ሲቋረጥ ሥራ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ደግሞ ሰርቨሩ ላይ የሚጫነው ቲመክስ ነው እንጂ የመረጡት መስኮት አይደለም። ግንኙነቱ ሲመለስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትልቁ መመዘኛ ፊደላችን ነው። የተርሚናል ስክሪን እኩል ስፋት ባላቸው ጠባብ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል አንድ ክፍል ይደርሰዋል። የቻይናና የጃፓን ፊደላት ሁለት ሁለት ክፍል ይሰጣቸዋል። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን እንደ ላቲኑ በአንድ ክፍል እንዲወሰን ተደርጓል። «ለ» እና «ከ» ብዙም አይቸገሩም፤ «ሠ»፣ «ጨ»፣ «መ» ግን ይጨነቃሉ። አንዱ ተርሚናል ፊደሉን ያሳንሰዋል፣ ሌላው ጠርዙን ይቆርጠዋል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ያደራርበዋል። ሰዓታት ለሚያነብ ዓይን ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ከፍጥነት በፊት ሊታይ ይገባዋል።

መላ አለው። ጂኖም ተርሚናል፣ ኪቲ፣ አላክሪቲና የማኩ አይተርም2 የክፍሉን ስፋት እንድናስተካክል ይፈቅዳሉ። ጥቂት ሲሰፋ የላቲኑ ጽሑፍ ትንሽ ይራራቃል፣ አማርኛው ግን ይተነፍሳል። አይተርም2 ከእንግሊዝኛ ውጭ ላለው ጽሑፍ የተለየ ፎንት መመደብም ያስችላል፤ ኪቲ ደግሞ ለግእዝ ፊደል ብቻ የፈለግነውን ፎንት ይቀበላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስጭነው ቢሞክሩ ጥሩ ነው።

በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ካዩ የጎደለው ፎንት ነው። የጥያቄ ምልክት ወይም ዝብርቅርቅ ያለ ጽሑፍ ካዩ ግን ተርሚናሉን ከመኮነንዎ በፊት የሲስተሙ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያረጋግጡ። በዚህ አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሲስተሙ ይህን ካላወቀ አንዱን ፊደል ሦስት አድርጎ ያነበዋል።

ለመምረጥ ሲቀመጡ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ፋይል በናኖ ይክፈቱ። የተለመደውን የአማርኛ ኪቦርድዎን ተጠቅመው አንድ አንቀጽ ይጻፉ፤ በቀስቱ ወደ መስመሩ መካከል ተመልሰው በዲሊት (Delete) ቁልፍ አንድ ፊደል ይሰርዙ። የጠፋው ጠቋሚው ያረፈበት ፊደል ካልሆነ፣ ወይም የቀረው መስመር ከተዛባ፣ ያንን ተርሚናል ትተው ቀጣዩን ይሞክሩ።